ሁለት ራሶች በአንድ መስኮት

ሽማግሌዎቹ የመጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የሮቤ ውርጭ ከቆርቆሮው ላይ ገና ሳይቀልጥ። ሳቢሪን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ኮቴያቸውን አዳመጠች። ሁለቱ አዛውንቶች መሆናቸውን ከሳላቸው ለየች። ሦስተኛውን ኮቴ ሳታየው አወቀችው። አራተኛው ግን የሴት ጫማ ነበር።

ሴት ከሽማግሌ ጋር አትመጣም። በዚህ አገር ልጅ ሲጠየቅ የወንዱ እናት ቤቷ ቁጭ ብላ ወሬ ትጠብቃለች እንጂ የማታውቀውን ደጅ አትረግጥም። ይቺ ግን መጣች፤ የዓብዱልፈታሕ እናት፣ ሐጂያ ረቢያ።

ሎሚ፣ የሳቢሪን እናት፣ ያፈላችውን ወተት በብርጭቆ እየቀዳች ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«ትሪውን ቀና አድርጊው።»

«ቀና ነው እማዬ።»

ሳቢሪን የያዘችው ትሪ ግን ወደ በሩ አዘንብሎ ነበር።

ከአራት ቀን በፊት አትምጣ ብላ ጽፋለት ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሁለት መስመር። እንዲያ ብላ የጻፈች ልጅ የእግሩን ድምፅ ስትሰማ ልቧ እንዲህ ሊዘል አይገባም ነበር። ዘለለ። እሷም በገዛ ልቧ ተናደደችበት።

ከዓብዱልፈታሕ ጋር የተዋወቁት ዓመት ተመንፈቅ ያልፈዋል፤ በሚያዝያ፣ ከጎባ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ። ተሳፋሪዎቹ አሥራ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። የጎባዋ የአእምሮ ነርስ ሲስተር ሸዋዓለም ናት ለአንድ ጥናት የሰበሰበቻቸው። ስድስቱ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። የቀሩት ስድስቱ ሕመሙ የሌለባቸው፣ ለማነጻጸሪያ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሁሉም በኤም አር አይ ማሽን የአንጎላቸውን ምስል ይነሣሉ። ሲስተር ሸዋዓለም ከመነሣታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻቸው፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ ክልክል ነው፣ እዚህ መኪና ውስጥ ሁላችሁም ቁጥር ናችሁ አለች። ሳቢሪን ቁጥር ሠላሳ አንድ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠው ረጅም ልጅ ቁጥር አሥራ ስምንት።

ዲንሾ ላይ ልጁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ማን እንደታመመ አውቄያለሁ» አላት። «ከኋላ ያለው ነው። በየኬላው ይስቃል።»

አዳባ ሲደርሱ ሐሳቡን ለወጠ፤ አይ፣ ያቺ ብርቱካኗን ሳትልጥ የያዘችው ናት አለ። ዶዶላ ላይ ሾፌሩን ጠረጠረ። ሳቢሪን ሳቀች። ከዓመት በላይ እንዲያ ስቃ አታውቅም፤ የራሷ ድምፅ አስደነገጣትና በሻሿ አፏን ሸፈነች። ግምቱ ሁሉንም ሲያዳርስ እሷ ላይ ግን አንድም ጊዜ አላረፈም። ለሁለት ቀን ያህል፣ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እንደ ማንኛዋም ልጅ አያት። ይህን ያህል የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

ሲመለሱ ለማስታወሻ ብለው የአንጎላቸው ምስል ያለበትን ፊልም ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰጧቸው። ስም የለበትም፣ ታች ጠርዙ ላይ ቁጥር ብቻ። እሷም ፊልሟን፣ ከዚያም የልጁን ደብዳቤዎች፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች።

ደብዳቤ የተጻጻፉት ወደው አልነበረም። ዓብዱልፈታሕ የቡና ባለሙያ ሆኖ አንገቱ በምትባል ከተማ ተመደበ፤ የሳነቴን ደጋ ተሻግሮ፣ በሪራ መንደር ወርዶ፣ ጫካው ውስጥ። ስልክ ሲደውል ከሦስት ቃል ሁለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ይጽፋል፤ ፀጋዬ የሚባለው ሾፌር ፖስታውን ከመስተዋቱ ሥር ሰክቶ ያመጣዋል። ስለ ጫካው ጭጋግ ይጽፍላታል፤ ገበሬዎቹ ከእሱ የበለጠ ቡና ስለማወቃቸው፣ እሱም ይህን ለአለቃው እንዳይነግሩበት ስለመለመኑ። እሷም ትመልስለታለች። በስልክ የማይወጣት ቃል በወረቀት ይወጣታል። አንዱን ቃል ብቻ አስቀርታ።

ያ ቃል የመጣው ሦስተኛ ዓመት ስታትስቲክስ ተማሪ ሳለች ነው። አንድ ድምፅ እርምጃዋን መቁጠር ጀመረ። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምራታል። አንድ ቀን ከማደሪያዋ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀባት፤ በአምስተኛው ቀን መራመድ አቆመች። ሰፈሩ ጂን ነው አለ። ልብስ ሰፊው አባቷ ከሊል ቁርአን አስቀራላት፤ ወዲያውም ጎባ ወሰዳት። ለሚጠይቁት ሁሉ ዱዓውም መድኃኒቱም የአላህ ነው ይል ነበር። ዓመቱ ባከነ። በመስከረም ተመልሳ ገባች። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ጥቁር ካባዋን ለብሳ ወጣች፤ ካባው ትከሻዋ ላይ ስላልተስተካከለ አባቷ በራሱ እጅ አጥብቦላት። ዛሬ ሮቤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የስንዴ ምርት መረጃ ትሰበስባለች።

በጥቅምት ሲስተር ሸዋዓለም የጥናቱን ውጤት ለቤተሰቦች ስታስረዳ ሳቢሪንን ወደ ሰሌዳው ጠርታት ነበር፤ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ ብላ። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀው ልጅ ጠመኔ ይዛ በሃምሳ ሰው ፊት ቆመች። ግማሽ ለግማሽ የተደራረቡ ሁለት ኮረብታዎች ሣለች። የታመሙት ይህ ነው፣ ያልታመሙት ይህ ነው አለች፤ ጫፎቻቸው ትንሽ ይራራቃሉ፣ ሆዳቸው ግን አንድ ላይ ነው። አባቷ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቁን ረስቶ።  ሰፈር ሲደርሱ ላገኘው ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ ልጄ ዛሬ ሐኪሞቹን አስተማረች አለ።

በኅዳር ዓብዱልፈታሕ አዝመራው ሲገባ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ጻፈ። ያን ማታ ቁጭ ብላ መለሰችለት።

«በመኪናው ውስጥ ማን እንደታመመ ስትገምት ነበር። እኔ ነኝ። የሕመሙን ስም ታውቀዋለህ፤ እርምጃዬን የሚቆጥር ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ደህና ነኝ፤ መድኃኒቴን ግን አላቋረጥኩም፣ ምናልባት ገና ብዙ ዓመት አላቋርጥም። መልስ ለመስጠት አትቸኩል።»

አልቸኮለም። ፀጋዬ በቤታቸው በኩል ባለፈ ቁጥር ከመሪው ላይ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅላታል፤ የለም ማለቱ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቆመና ነገሩን አፍረጠረጠው። ልጁ አንገቱ ከተማም የለ፣ ጎባ እናቱ ቤት ከገባ ሳምንት አልፎታል አላት።

ጎባ። ከሮቤ በሚኒባስ ሻይ የመጠጫ ያህል ጊዜ ነው። ጫካ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዝምታውን በመንገዱ ታመካኝ ነበር። ከእናቱ ቤት የሚመጣ ዝምታ ግን ሌላ ምን ይባላል? የዚያን ቀን ነው «አትምጣ። የነገርኩህን ሁሉ እንዳልሰማህ ቁጠረው» ብላ የጻፈችው። ስታጥፈው ወረቀቱ አልረጠበም። በዚህ ኮራች።

አሁን አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር።

እንግዶቹ ተቀመጡ። የከሊል ሳሎን የከሊል ሥራ ቤትም ነው፤ የስፌት መኪናው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ቆሟል፣ ያልተጠለፈ ቱታ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል። የቱታው ባለቤት ደግሞ ከሐጂያ ረቢያ ሠራተኞች አንዱ ነው። ሐጂያ ሲናና ወረዳ ላይ ሁለት ኮምባይነር ያላት ሴት ናት፤ ከሊል የሠራተኞቿን ልብስ ሲጠግን ስድስት ዓመቱ ነው። ቱታውን አይታ እንዳላየች ሆነች። ከሊልም አይቷት እንዳላየ ሆነ።

ሳቢሪን ወተቱን አቅርባ ስትመለስ ዓይኗ ከዓብዱልፈታሕ ዓይን ጋር ተገናኘ። በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ጉንጩ ጎድሏል። ወዲያው ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። አፍሮብኛል አለች በልቧ፤ መጋረጃውን ዘጋችው።

ወተቱን ማንም አልነካም። ቃል ሳይሰጥ የሰው ቤት ማዕድ አይቀመስም። ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ዳቢሴ የዓብዱልፈታሕ አጎት ናቸው። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አድርገው ጀመሩ። የሁለቱን ቤት ደህንነት ጠየቁ፣ የዘንድሮውን ውርጭ ረገሙ፣ የከሊልን እጅ አመሰገኑ፤ ይሄን ኮት አንተ ነህ ገልብጠህ የሰፋህልኝ፣ ከአዲሱ ይሻላል አሉ። ከዚያም ልጅህን ለልጃችን ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሐጂያ ረቢያ እጇን አነሣች።

«ዳቢሴ፣ ቆይ። እኔ እዚህ ድረስ የመጣሁት በሌላ ነው።» ወደ ከሊል ዞረች። «ነገር አላበዛም። ልጅህ ታማ እንደነበር ልጄ ነግሮኛል። ጭንቅላቷንም በማሽን አንስተዋታል ብሎኛል። እንግዲህ ፎቶው ይታይ። ንጹሕ ከሆነ አፌን እዘጋለሁ።» ከቦርሳዋ ቡናማ ፖስታ አወጣች። «ይሄ የልጄ ነው። ከሣጥኑ ያመጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።»

ሐጂያ ረቢያ ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም። ነጋዴ አንድ እፍኝ ስንዴ ዘግኖ ሲያሳያት ከየትኛው ቀበሌ እንደታጨደ፣ ዝናብ ነክቶት እንደሆነና ስንት ወር እንደተከማቸ ትናገራለች። ባሌ ውስጥ በዚህ የሚከራከራት የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ነገርን በዓይኗ ስትለይ ኖራለች። የሰው ራስም የሚለይ መሰላት።

ከሊል ተነሣ። ሜትሩ እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ነበር።

«ሐጂያ፣ አከብርዎታለሁ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ልጄ ግን የጎሮ ገበያ በሬ አይደለችም፣ አፏን ከፍተው ጥርሷን የሚያዩላት። ወተቱን እንዳቀረብን እናነሣዋለን።»

ኦቦ ዳቢሴ ኧረ በአላህ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ከዘራቸውን ፈለጉ። ይኼኔ ነው መጋረጃው የተገለጠው።

ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትናገርም። ሳቢሪን ይህን ታውቃለች። ከዚያ በፊት ሳትጠየቅ የተናገረችበትን ቀንም አታስታውስም። ወደ መሐል መጥታ ቆመች፤ መጀመሪያ የተናገረችው ግን ለሐጂያ አልነበረም።

«ለአንተ ብቻ የጻፍኩትን ለእናትህ ሰጠህ?»

ዓብዱልፈታሕ ከመቀመጫው ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም።

«ነገርኳት» አለ። «ደብቄ ባገባሽ ያፈርኩብሽ እኔ ነበርኩ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግሥቱ መኪና ያዝኩ። እናቴን ስለምናት ነው የሰነበትኩት። መልሴን በወረቀት መላክ አነሰብኝ ሳቢሪን። መልሴ ይሄው፣ ተቀምጠዋል።» በእጁ ሽማግሌዎቹን አሳየ። «አትምጣ ያልሽው ደርሶኛል። ከመጣሁ በኋላ አባርሪኝ ብዬ ነው።»

  ከደረቷ ላይ አሥራ ሰባት ቀን የተሸከመችው ነገር ወረደ፤ እዚያው በሰው ፊት እንዳያስታውቅባት ፈራች።

ወደ ሐጂያ ዞራ እጇን ዘረጋች። «የልጅዎን ይስጡኝ። የእኔንም አመጣለሁ። ያያሉ።»

«ሳቢሪን» አለ አባቷ።

«አባ፣ ተወኝ። እኔ ነኝ የማሳያቸው፤ እነሱ አይደሉም የሚያዩኝ።»

ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሁለት የገበር ቁራጭና ስፒል ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። የሁለቱንም ፊልሞች የታች ጠርዝ፣ ቁጥሩ ያለበትን፣ በገበሩ ሸፍና በስፒል ያዘችው። ከዚያ ወጥታ መስኮቱ ላይ በተወጠረው ሲባጎ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻቸው፤ ጎን ለጎን።

የጠዋቱ ፀሐይ ከኋላቸው ገባ። ሁለት ራሶች መስኮቱ ላይ አበሩ። እንደ ተጠቀለለ ገመድ የታጠፈ ግራጫ፣ በመካከሉም ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ያለ ጥቁር ክፍተት።  ሎሚ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ብላ አየችና አፏን ያዘች፤ ልጇን ወልዳ አሳድጋ ያንን ውስጧን አይታው አታውቅም ነበር።

«የትኛው የልጅዎ ነው?» አለች ሳቢሪን።

ሐጂያ ረቢያ ፈገግ አለች። «ልጄንማ ከሺ ሰው መካከል እለየዋለሁ።»

ተነሥታ ቀረበች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ጣቷን ሳትነካው በአየር ላይ አስኬደች። ስንዴ ስትመርጥ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ የግራውን አመለከተች።

«ይሄ የእሱ ነው። ተመልከቱ፣ መሐሉ ጠባብ ነው፤ ፍሬው ሞልቷል።» ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ይሄኛው መሐሉ ሰፍቶበታል። አይ ልጄ… ምስኪን። የተጎዳ ራስ ያስታውቃል።»

ሳቢሪን ስፒሎቹን ነቀለች። መጀመሪያ የግራውን። ገበሩ ወደቀ። ሠላሳ አንድ። ከዚያ የቀኙን። አሥራ ስምንት።

ዓብዱልፈታሕ ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ ቁጥሩን አነበበ። ከዚያ ሳያስበው የራሱን ግንባር በመዳፉ ነካ።

«የቀኙ የእኔ ነው እማ» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ዳቢሴ ናቸው፤ ሳላቸው እስኪመጣ ድረስ። «ረቢያ፣ ልጅሽን በመልኩ እንጂ በራሱ አታውቂውም ማለት ነው! ምስኪን ስትይው ወላሂ እኔም አዝኜለት ነበር።» ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ከሊል ዞሩ። «በል እንግዲህ፣ ነገሩ አለቀ። የልጅቷ ራስ ንጹሕ ነው፤ ራሷ ሐጂያ መስክራለች። ማሻአላህ። ቃልህን ስጠንና ወተታችንን እንጠጣ።»

የከሊል ፊት በራ። ሎሚ ከመጋረጃው ኋላ አልሐምዱሊላህ ስትል ተሰማ። ሐጂያ ረቢያ ግን ከመስኮቱ ሳትመለስ ቆማ ነበር፤ የተሸነፈች ሴት ጀርባ ነበራት።

ሳቢሪን ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ዝም ማለት ደግሞ የምታውቀው ሥራዋ ነው። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሰርጓን አየች፣ የአንገቱን ጫካ፣ ጭጋጉን፣ ማንም ዳግም የማይጠይቃትን ዕድሜ። ከዚያ በዚያ ዕድሜ ውስጥ በየምሽቱ ክኒኗን ተደብቃ ስትውጥ ራሷን አየች።

«አይደለም ኦቦ» አለች። «ታምሜያለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«ይህ ፊልም አለመታመሜን አይናገርም። መታመሜንም አይናገርም። ሐኪሞቹ የብዙ ሰው ራስ ለክተው አማካዩን ሲያወጡ፣ የታመሙት ላይ ያ መሐሉ ያለው ክፍተት ትንሽ ሰፋ፣ ግራጫው በጆሮና በግንባር በኩል ትንሽ ሳሳ ይላል። በአማካይ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ሲታይ ሐኪም እንኳ አይለየውም። ሰፊ መሐል ያለው ጤነኛ አለ፤ ይሄው እዚህ ቆሟል። በዚህ ፊልም ከወሰዳችሁኝ ነገ በሌላ ፊልም ትመልሱኛላችሁ። እኔ እንዲያ አልሄድም።»

 ከዚያ ወደ ሐጂያ ጀርባ ዞራ ቀጠለች።

«ሐጂያ፣ እርስዎ ስንዴ አይተው አገሩን ይነግራሉ ይባላል። እኔም ሥራዬ ስንዴ ነው፤ አውቃለሁ፣ እውነት ነው። ግን በእፍኝ ነው የሚያዩት። አንድ ፍሬ ብቻ ብሰጥዎትስ?»

ሐጂያ ረቢያ ዞረች።  ስለ ስንዴ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት።

«በአንድ ፍሬ ማንም አያውቅም» አለች።

«እኔ አንድ ፍሬ ነኝ።»

ከውጭ የጋሪ ደወል ተሰምቶ አለፈ። ሐጂያ ወደ መቀመጫዋ ተመልሳ በዝግታ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች። ስትጠይቅ እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ሴት ሴትን ስለ ምጥ እንደምትጠይቅ ነበር።

«ያ ድምፅ ዛሬም ይመጣል?»

«አንዳንዴ። በጣም ሲደክመኝ፣ ከሩቅ። ስሙን ስለማውቀው አልደነግጥም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

«ትምህርትሽንስ?»

«አንድ ዓመት ዘግይቼ ጨረስኩ።»

ሐጂያ ረቢያ ራሷን ነቀነቀች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ አነሣች። ወተቱ ቀዝቅዞ ላዩን ሽፋን ይዞ ነበር። ሽፋኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ እስከ ግማሹ ጠጣችው።

ኦቦ ዳቢሴ ደነገጡ። «ረቢያ፣ ገና ቃል አልተሰጠንም እኮ።»

«ጠምቶኛል» አለች።

ቃል ሳይሰጠው የሰው ማዕድ የሚቀምስ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ራሱን የቤቱ ሰው አድርጎ ቆጥሯል። ሐጂያ ረቢያን ባለጌ የሚል ሰው ደግሞ በባሌ የለም።

ከሊል ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በጣቶቹ ላይ ይጠቀልልና ይፈታ ጀመር። ሲናገር ልጁን አላያትም።

«ልጄ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። እኔ ባንቺ ላይ የምጨምረው የለኝም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።  እሷ ዓብዱልፈታሕን አየችው። የጎደለ ጉንጩን፣ የአንገቱን መንገድ አቧራ የያዘ ጫማውን፣ ከግንባሩ ላይ ገና ያላወረደውን እጁን አየች።

«መልሴን በደብዳቤ እልካለሁ» አለች። «በፀጋዬ መኪና።»

«ኧረ ልጄ፣ መቼ?» አሉ ኦቦ ዳቢሴ።

«አሥራ ሰባት ቀን አይፈጅም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂያ ረቢያ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ልጇ አየች። «ይበልህ» አለችው። ቀጥላም ለሳቢሪን፣ በሹክሹክታ፣ «ኢንተላ ኮ፣ አትቸኩዪለት» አለቻት። ልጄ ማለቷ ነው። 

ሳቢሪን ስትሸኛቸው ዓብዱልፈታሕ ከግቢው በር ላይ ወደ ኋላ ቀረ። ውርጩ ቀልጦ ከቆርቆሮው ይንጠባጠብ ነበር።

«ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» አላት።

«ገምት።»

«መገመት ትቻለሁ» አለ። «ከዲንሾ ጀምሮ አንድም አልተሳካልኝም።»

ሳቀች፤ በዚያ መኪና ውስጥ እንደሳቀችው። አሁን ግን አፏን አልሸፈነችም። ከእሱ ትከሻ በላይ የቤታቸው መስኮት ይታያል፤ እናቷ ፊልሞቹን ላውርዳቸው ስትለው አባቷ ይቆዩ ብሏታል። ሁለቱ ራሶች በፀሐዩ ውስጥ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ርቀት የትኛው የእሷ እንደሆነ ለማየት ሞከረች። አልለየችውም፤ ሳትለየውም ደረቷ ሞላ።